ቅዳሜ ያቆምከው ሃይሉክስ ሰኞ ለምን አይነሳም?

ጥያቄው የመጣው ከአዳማ ነው። ጠያቂው የ2007 ሞዴል ቶዮታ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና አለው፤ ባለ 2.5 ሊትር ናፍጣ። ከወንጂና ከመቂ አትክልት እያመጣ ያከፋፍላል። ረዘም ያለ ደብዳቤ ነው፤ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ማታ ያቆምኩት መኪና ሰኞ ጠዋት አይነሳም። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት አዲስ ባትሪ ገዛሁ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ደህና ይሆንና ያው ይመለሳል። ዲናሞው (ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገው) ተለክቶ 14.1 ቮልት ሰጥቷል፣ ደህና ነው ተብያለሁ። ባለፈው ሰኞ ባትሪው ሲለካ 11.7 ነበር። ሌላም አለ። አንዳንዴ በሥራ መሃል ሞተሩ ሞቆ እያለ ቁልፉን ሳዞር ጠቅ ይልና ዝም ይላል። አራት አምስት ጊዜ ስሞክር ይነሳል። ያኔ መብራቱ ደማቅ ነው። ዓምና ቴፕ ከነአምፕሊፋየሩ እና አላርም አስገጥሜያለሁ። ሦስተኛ ባትሪ ልግዛ ወይስ ሞተሪኖውን (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን) ልቀይር?»

ወንድሜ፣ ለጊዜው ሁለቱንም አትግዛ። ደብዳቤህ ውስጥ ሁለት የማይገናኙ ችግሮች አሉ። የሰኞው አንድ ነው፣ የጠቅታው ሌላ ነው። መኪናው በሁለቱም ቀን «አልነሳም» ስላለህ አንድ መስለውሃል። ጋራዥ ስትሄድም አንድ ላይ ስለምትነግራቸው አንዱ ባትሪ፣ ሌላው ሞተሪኖ ይልሃል። ለየብቻ እንያቸው።

በሰኞው እንጀምር። 11.7 ቮልት ማለት ባዶ ማለት ነው። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 ወይም 12.7 ያሳያል። 12.2 ላይ ግማሹ አልቋል። 12.0 ላይ ሩቡ ብቻ ቀርቷል። ብዙ ሰው «11.7 እኮ ለ12 ቅርብ ነው» ብሎ ይታለላል። ከሙሉ እስከ ባዶ ያለው ልዩነት ከ1 ቮልት አይበልጥም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ፤ ምክንያቱም ባትሪው የወረደበት ፍጥነት ራሱ ጥፋተኛውን ይጠቁማል። ቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት አቁመህ ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ብትመጣ 36 ሰዓት ነው። ባትሪህ 70 አምፔር ነው እንበል፤ 70 አምፔር-ሰዓት ማለት ነው፣ 1 አምፔር ለ70 ሰዓት ያህል የሚሰጥ። ጤነኛ መኪና ቆሞ ሳለ ለሰዓቱ፣ ለኮምፒዩተሩና ለመሳሰሉት የሚጠጣው ከ50 ሚሊ አምፔር (የ1 አምፔር አንድ ሃያኛ) አይበልጥም። በ36 ሰዓት 2 አምፔር-ሰዓት እንኳን አይሞላም። ይህ ለባትሪው ምንም አይደለም። እንዲህ ያለ መኪና አንድ ወር ቆሞ ሊነሳ ይችላል።

በሌላው ጫፍ ደግሞ የፍሬን መብራት ተጣብቆ በርቶ ቢቀር ሁለቱ አምፖሎች ብቻቸውን 3.5 አምፔር ገደማ ይጠጣሉ። ባትሪህ እሁድ ሳይመሽ ያልቅ ነበር። አዲስ ባትሪም ቢሆን ሰኞ አይደርስም። ያንተ ባትሪ ግን አዲስ ሲሆን ሳምንታት ይቆያል፣ ከዚያ ነው የሚሸነፈው። ይህ ወደ 1 አምፔር አካባቢ ያመለክተኛል። በ36 ሰዓት 36 አምፔር-ሰዓት ይሄዳል፤ የባትሪው ግማሽ ማለት ነው። አዲስ ባትሪ በግማሽ ጉልበቱም እየተነጫነጨ ያስነሳልሃል። አንተም አታስተውለውም። በሳምንቱ መሃል ወንጂ ደርሶ መመለስ ግን የጎደለውን አይሞላውም። ሊድ ባትሪ እየሞላ በሄደ ቁጥር ቻርጅ የሚቀበልበት ፍጥነት ይቀንሳል። ከግማሽ ተነስቶ ለመሙላት ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። የሚቀጥለው ቅዳሜ ጎድሎ ያገኘዋል። የሚቀጥለው ደግሞ የባሰ። በዚያ ላይ ጎድሎ የቆየ ባትሪ ውስጡ ባሉት የሊድ ሳህኖች ላይ ሰልፌት (ቻርጅ የማይቀበል ቅርፊት) ይጠነክርበታል። ያኔ 70 አምፔር ተብሎ የተገዛው በተግባር 40 ቢሆን አይገርምም። ሁለቱም ባትሪዎችህ የሞቱት እንደዚህ ይመስለኛል። ሻጩን አትውቀስ።

ይህን በግምት ከምንተወው በአንድ ቀላል ሙከራ እናረጋግጠው። መሣሪያውም ተራ የቮልት መለኪያ ነው። ባትሪውን አውርደህ በቻርጀር በዝግታ ሙላው። ለ70 አምፔር ባትሪ 7 አምፔር ገደማ ይበቃል፤ ሌሊቱን ይደር። ፈጣን ቻርጅ ያደከመውን ይበልጥ ያደክመዋል። ከቻርጀር እንደወረደ ወዲያው አትለካው፤ ላይ ላዩን የተንሳፈፈ ቮልት ያታልልሃል። ጥቂት ሰዓት ይረፍ። ከዚያ ቅዳሜ ማታ መኪናው ላይ ግጠመውና ኔጌቲቩን ብቻ ፍታው። ሰኞ ጠዋት ለካው። 12.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ባትሪው ደህና ነው፣ የሚጠጣው መኪናው ነው። ተነጥሎም ከወረደ ባትሪው ውስጡ ተበላሽቷል፤ መቀየሩ አይቀርም። ግን እሱን የገደለው መኪናው ከሆነ ሦስተኛውንም ይገድለዋል። አላርምህ የራሱ ትንሽ ባትሪ ያለው ዓይነት ከሆነ ኔጌቲቩን ስትፈታ መጮህ ይጀምራል። ሰፈሩን ሳትቀሰቅስ ቀድመህ አጥፋው።

መኪናው ጥፋተኛ ከሆነ ቀጣዩ ሥራ አምፔር መለካት ነው። ኔጌቲቩን ፈትተህ ሜትሩን (ቮልትም አምፔርም የሚለካውን) በባትሪው ጫፍና በተፈታው ካቦ መካከል ታስገባለህ። ቀዩ ገመድ 10 አምፔር የተጻፈበት ቀዳዳ ውስጥ መሆን አለበት። በሮቹ ዝግ፣ ቁልፉ ወጥቶ። ሜትሩ እዚያ እያለ ቁልፍ እንዳታዞር። ሞተሪኖው ከ200 አምፔር በላይ ነው የሚስበው፤ ሜትሩ በቅጽበት ይቃጠላል።

እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ ይቸኩላል። ኮረንቲው ተቋርጦ ሲመለስ የመኪናው ኮምፒዩተርና አላርሙ ይነቃሉ። መጀመሪያ ትልቅ ቁጥር ታያለህ። «አገኘሁት!» ብለህ ሽቦ መበጣጠስ አትጀምር። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ጠብቅ። ሻይ ጠጥተህ ተመለስ። ያኔ የምታየው ቁጥር ነው እውነተኛው። ከ50 ሚሊ በታች ከሆነ መኪናው ነጻ ነው። ከ100 በላይ ከሆነ መፈለግ አለበት። 800 ወይም 1000 ካሳየህ ግምቴ ልክ ነው።

ከዚያ በፊውዝ መፈለግ ነው። በኮፈኑ ሥርና በክሩስኮቱ ሥር ያሉትን ፊውዞች አንድ በአንድ እየነቀልክ ቁጥሩን ታያለህ። ቁጥሩ ዱብ ያለበት ፊውዝ የሚመግበው መስመር ላይ ነው ችግሩ። በሩን ስትከፍት የጋቢናው መብራት በርቶ እንዳያሳስትህ የበሩን መብራት ማብሪያ ተጭነህ «የተዘጋ በር» አስመስለው። ጊዜ ካለህ ደግሞ የተሻለ ዘዴ አለ። ፊውዙን ሳትነቅል ራሱ ላይ ባሉት ሁለት ትናንሽ ብረቶች መካከል ሚሊ ቮልት ለካ። ዜሮ ከሆነ በውስጡ ምንም አያልፍም። ቁጥር ካለ እዚያ ኮረንቲ አለ። የተኛውን ኮምፒዩተር ስለማይቀሰቅስ እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

ያንተ መኪና ላይ ግን ከፊውዙ በፊት የማየው ነገር አለ። ዓምና የተገጠመውን ቴፕ። ችግሩ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው እንዴ? ደብዳቤህ ላይ አልጻፍከውም፤ አስበው። ገበያ ላይ የሚሸጡ ቴፖች ሁለት የኮረንቲ ሽቦ አላቸው። ቢጫው ሁልጊዜ ኮረንቲ ያለው ነው፤ ሰዓቱንና ጣቢያዎቹን እንዲያስታውስ። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚመጣው ነው። ገጣሚው የቁልፍ መስመር መፈለግ ሲሰለቸው ሁለቱን ጠምዝዞ አንድ ላይ ያስራቸዋል። ቴፑ ይሠራል፣ ደንበኛው ሒሳብ ከፍሎ ይሄዳል። ቴፑ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በደንብ ተኝቶ አያውቅም። አምፕሊፋየሩ የባሰ ነው። እሱን የሚያነቃው ብዙ ጊዜ ከቴፑ የሚመጣ ሰማያዊ ቀጭን ሽቦ ነው። ያ ሽቦ ቋሚ ኮረንቲ ላይ ከታሰረ አምፕሊፋየሩ ድምፅ ባይኖርም ሌት ተቀን በርቶ ይኖራል። ግማሽ ወይም አንድ አምፔር ዝም ብሎ መጠጣት ለእሱ ቀላል ነው። ከሒሳባችን ጋር ስንት እንደሚቀራረብ አየህ?

በዚያ ላይ የአምፕሊፋየሩ ወፍራም ሽቦ በአብዛኛው ቀጥታ ከባትሪው ነው የሚሳበው። የአላርሙም ብዙ ጊዜ ከቁልፉ ሥር ካለ ወፍራም ሽቦ ላይ ተልጦ ይወሰዳል። በእነዚያ ትናንሽ ፊውዞች አያልፉም። ስለዚህ ፊውዞቹን ሁሉ ነቅለህ ቁጥሩ ንቅንቅ ካላለ ተስፋ አትቁረጥ። እንዲያውም ፍለጋው ጠበበልህ። የሚቀሩት በትናንሾቹ ፊውዞች የማያልፉት ናቸው፤ በኋላ የተገጠሙ ነገሮች እና ዲናሞው።

አዎ፣ ዲናሞው። «14.1 ሰጥቷል፣ ደህና ነው» ተብለሃል። ያ መለኪያ ዲናሞው ሲሠራ ቻርጅ እንደሚያደርግ ይነግርሃል። ሲቆም ምን እንደሚያደርግ አይነግርህም። ዲናሞ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ዳዮዶች አሉ። ሥራቸው ኮረንቲው ወደ ባትሪ እንዲሄድ መፍቀድና እንዳይመለስ መከልከል ነው። አንዱ ማፍሰስ ከጀመረ ሞተሩ ሲጠፋ ባትሪው ወደ ዲናሞው ይፈሳል። ሞተሩ ሲነሳ ግን አሁንም 14 ቮልት ልታይ ትችላለህ። ለዚህ ነው ይህ ብልሽት ከጋራዥ ጋራዥ የሚያንከራትተው።

ማወቂያው ከባድ አይደለም። ጠዋት መኪናው ሳይነሳ ዲናሞውን በእጅህ ዳስስ። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ለብ ካለ ጥፋተኛው ተገኘ። ቀዝቃዛ ከሆነ ግን ነጻ ወጣ ማለት አይደለም። ወደ አምፔር መለኪያው እንመለስ። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ሙሉ በሙሉ ፍታ፤ የዲናሞው ወፍራም ሽቦ ሁልጊዜ ኮረንቲ አለበትና። ከዚያ የዚያን ሽቦ ዳዶ ፍታና ጫፉን በሽቦ ፕላስተር ጠቅልለው። ሜትሩን መልሰህ አስገባ። ቁጥሩ ከ1 አምፔር ወደ ጥቂት ሚሊ ከወረደ ዲናሞው ነው። የዳዮዱን ሳህን ብቻ የሚቀይሩ ባለሙያዎች አሉ፤ ሙሉ ዲናሞ መግዛት ላያስፈልግህ ይችላል። ሞተሩ በርቶ ሜትሩን በኤሲ (ተለዋዋጭ ኮረንቲ) ቮልት ላይ አድርገው የሚለኩም አሉ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ዳዮዱ ይጠረጠራል። ርካሽ ሜትር ግን በዚህ ላይ ይቀባጥራል፤ 28 ወይም 30 የሚልበት ጊዜ አለ። ሽቦውን የመንቀሉን ዘዴ ይበልጥ አምነዋለሁ።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ። ዲናሞ ለመፈተሽ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ካቦ የሚያወልቁ አሉ። «ሳይጠፋ ከቀጠለ ዲናሞው ይሠራል» ይላሉ። ድሮ ኮምፒዩተር በሌለው መኪና ላይ ያስኬድ ነበር። የአንተ ናፍጣ በኮምፒዩተር የሚመራ ነው። ባትሪው ድንገት ሲነቀል ቮልቱ ወደ ላይ ይተኮሳል፤ ዳዮዱንም ኮምፒዩተሩንም ሊያቃጥል ይችላል። እንዲያውም ደህና የነበረው ዲናሞ ማፍሰስ የጀመረው በዚህ ፍተሻ ሊሆን ይችላል። ማንም መኪናህ ላይ ይህን ሊያደርግ ሲል እጁን ያዝ።

አሁን ወደ ጠቅታው። መልካም ዜና ነው፣ ምናልባትም ርካሹ ክፍል።

ቁልፍ ስታዞር የሚሰማው ድምፅ ብዙ ይናገራል። ጠቅጠቅጠቅ እያለ ከተርገበገበ ባትሪው ደክሟል ወይም ተርሚናሉ ላልቷል። ምንም ድምፅ ከሌለ ቁልፉን፣ ሪሌዩን ወይም ወደ ሞተሪኖው የሚሄደውን ቀጭን ሽቦ ተመልከት። አንድ ጠንካራ ጠቅታ፣ ከዚያ ዝም፣ መብራቱም እንደደመቀ ከሆነ ግን ባትሪው ጉልበት አለው፤ ጉልበቱ ወደ ሞተሪኖው አልገባም። ያንተ ይህ ነው።

ቶዮታ ናፍጣ ላይ ይህ ምልክት በጣም የታወቀ ነው። ሞተሪኖው ላይ ባለው ሶሌኖይድ ውስጥ ሁለት የመዳብ ኮንታክቶች አሉ። ቁልፍ ስታዞር ክብ ሳህን ያለው ዘንግ መጥቶ ሁለቱን ያገናኛል። ጠቅ የሚለው እሱ ነው። በተነሳ ቁጥር ብልጭታው መዳቡን ትንሽ ትንሽ ይበላዋል። ሲሳሳ ሳህኑ ይመጣል፣ ግን በደንብ አይነካም። ደጋግመህ ስትሞክር አንዱ ቦታ ላይ ይነካና ይነሳል። ሞተሩ ሲሞቅ የሚብሰውም ምክንያት አለው። የሞቀ ጥቅል ሽቦ ኮረንቲ የመሳብ አቅሙ ይቀንሳል፤ ዘንጉን የሚስበው ማግኔትም ይደክማል። አንተ ደግሞ አትክልት ስታራግፍ በቀን ስንቴ ታጠፋለህ፣ ስንቴ ታስነሳለህ። መዳቡ ቢያልቅ ምን ይገርማል?

ዴንሶ የሚባለው ኩባንያ በሠራቸው ብዙዎቹ ሞተሪኖዎች ላይ እነዚህ ኮንታክቶች ለብቻቸው ይቀየራሉ። ሞተሪኖው ወርዶ ጀርባው ይከፈታል፣ ሁለቱ መዳቦች ይቀየራሉ፣ የዘንጉ ሳህን ይታያል። በዚያው ወደሚዞረው ክፍል ኮረንቲ የሚያስተላልፈው ካርቦንም ቁመቱ ይታይ፤ አጥሮ ከሆነ አብሮ ይቀየር። «ሙሉ ሞተሪኖ ግዛ» የሚልህ ሰው ሳይከፍት ከሆነ የሚናገረው አትስማው። በመዶሻ እየመታህ ማስነሳት ለአንድ ቀን ያወጣሃል፤ ልማድ ግን አታድርገው።

ሞተሪኖው ከመውረዱ በፊት ካቦዎቹ ይለኩ። ማርሹን ነጻ አድርግ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዝ፣ አንድ ሰው ቁልፉን ያዙርልህ። አንተ የሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን በሞተሪኖው ትልቅ ቡሎን ላይ አድርግ። ሞተሪኖው ሞተሩን እያዞረ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ካቦው ወይም ተርሚናሉ ቮልቱን እየበላው ነው። ከዚያ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ ብረት ለካ። እዚህ ከ0.3 መብለጥ የለበትም። ማሳውን (የኔጌቲቩን መስመር) ሰው ይረሳዋል። ከባትሪው ወደ ሞተሩና ወደ አካሉ የሚሄደው ሽቦ ቡሎኑ ሥር ዝገት ወይም ቀለም ካለ ጥሩ ባትሪም ጥሩ ሞተሪኖም ዋጋ የላቸውም። ተርሚናሉ ላይ ነጭ አረንጓዴ ዱቄት ካለ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጠህ እጠበው፣ በብሩሽ ፈትገው፣ አድርቀህ አጥብቀው፣ ላዩን ቫዝሊን ቀባው። ለስላሳ መጠጥ የሚያፈሱበት ሰዎች አሉ። ለስላሳም ራሱ አሲድ ነው፤ የሚያጣብቅ ስኳር ትቶ ይሄዳል።

እስኪስተካከል ድረስ መቼም በካቦ ማስነሳትህ አይቀርም። አዳማ የጅቡቲ መስመር ላይ ያለች ከተማ ናት። ሰኞ ጠዋት በቅርብ የምታገኘው ከባድ መኪና ሊሆን ይችላል። አብዛኞቹ ከባድ መኪናዎች 24 ቮልት ናቸው። ያንን ሃይሉክስ ላይ ማገናኘት ኮምፒዩተሩን ማቃጠል ነው። ባለ 12 ቮልት መኪና ፈልግ። ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ አገናኝ፣ ጥቁሩን መጀመሪያ ደህናው ባትሪ ላይ፣ መጨረሻ ላይ ያንተ ሞተር ብረት ላይ አድርግ። በሞተው ባትሪ ኔጌቲቭ ላይ አታድርገው። ከባትሪ የሚወጣው ሃይድሮጅን ነው፤ ብልጭታ አጠገቡ አይፈለግም። በዚሁ ምክንያት ሁለቱን ጫፎች በብረት አጋጭቶ «ኮረንቲ አለው» የሚባለው ፍተሻም ይቅር።

ስለ ሙቀቱም ጥቂት ልበል። ብርድ ባትሪን ይገድላል የሚለው ወሬ ሙሉ እውነት አይደለም። ብርድ የደከመውን ያጋልጠዋል፤ የሚያደክመው ሙቀት ነው። አዳማ ላይ ሲያስነሳልህ የከረመ ባትሪ አንድ ቀን አሰላ አድረህ ጠዋት ቢከዳህ ጥፋቱ የአሰላ እንዳይመስልህ። ባትሪህ ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ በበጋ በየወሩ ክፈተው። ሳህኖቹ መሸፈን አለባቸው። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፤ ያለበት ማዕድን ሳህኑን ያበላሻል። አሲድም አትጨምር፤ የሚተንነው ውሃው ነው።

በመጨረሻ አዲስ ባትሪ የግድ ከሆነ፣ ሜትርህን ይዘህ ሂድ። ሱቅ ውስጥ ለወራት የተቀመጠ ባትሪ በራሱ ይወርዳል፤ በሙቀት ደግሞ ይፈጥናል። ከ12.4 በታች ካሳየ ሌላ አውጡልኝ በል። ግን ከዚያ በፊት ኤሌክትሪሻኑ ጋ ስትሄድ «ባትሪ ይጨርሳል» ብቻ አትበለው። «ቆሞ ሳለ ስንት ሚሊ እንደሚጠጣ ለካልኝ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያለውን ቁጥር ነው የምፈልገው። መጀመሪያ አምፕሊፋየሩን ንቀልና ለካ፣ ቀጥሎ ዲናሞውን» በለው። ሲጨርስ ቁጥሩን ራስህ እየው። ከ50 ካልወረደ መኪናውን አትረከበው።